የአቅኚው አባት ስም ማን ይጽፈዋል?

ከስድሳ ዓመት በፊት በጎጃም ደጋ ይኖር የነበረ ባለ ርስት ገበሬ ሰባትና ስምንት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዶ የአያት የቅድመ አያቶቹን ስም ሳያሳስት መቁጠር ነበረበት። ይህንንም የሚያደርገው ለጨዋታ ወይም ለኩራት ብቻ አልነበረም። የሚያርሰው እርሻ፣ የሚበላው እንጀራና ለልጆቹ የሚያወርሰው ሁሉ በዚያው ቆጠራ ላይ የቆመ ነበር። ቆጠራውን የሳተ ሰው መሬቱን ሳተ ማለት ነው።

ዛሬ የዚያው ገበሬ የልጅ ልጅ የሚያርሰው መሬት በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ በስሙ ሰፍሮለታል። ከአያቱ ወዲያ ያለውን ስም የሚጠይቀው ዳኛም ሆነ ሹም የለም። ጠያቂ ያጣ ነገር ደግሞ እየተረሳ መሄዱ የታወቀ ነው። በዚህም ወጣቱን ሰነፍ ነው ብሎ መውቀስ አይገባም፤ ቆጠራው ዋጋ ያጣው በእርሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ከቆጠራው ጋር አብሮ የሚጠፋው የአንድ ቤት የዘር ሐረግ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ አመሠራረት ጭምር ነው። ጫካውን ማን እንደ መነጠረው፣ ቤተ ክርስቲያኑን እነማን እንደ ተከሉት፣ ከየት መጥተው እንደ ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው እያነሰ ሄዷል።

በጎጃምና በጎንደር የርስት አገር «አቅኚ አባት» የሚባል ሰው አለ። ማቅናት ማለት የተጣመመውን ማስተካከል፣ ጠፉን መሬት ማልማት ነው። አቅኚው አባት በሬውን ይዞ መጥቶ ዱሩን መንጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ መጀመሪያ ያረሰው ሰው ነው። ያቀናው መሬት በስሙ ይጠራል። ልጆቹ ሲካፈሉት ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል በልጁ ስም ይጠራና ያ ልጅ «ምንዝር አባት» ይባላል። ከዚያ በታች የተወለደ ሁሉ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ወደዚያ አባት መድረሱን ካስረዳ ድርሻ አለኝ ማለት ይችል ነበር። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ትቆጠራለች። ባልም የሚስቱን ርስት ተከራክሮ ያርስላታል።

በመሆኑም የጎጃም ገበሬ የዘር ቆጠራ እንደ ብዙ አገሮች በአባት መስመር ብቻ የሚሄድ አልነበረም። በሁለቱም ወገን ይሰፋል። ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል፤ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እየተባዛ ሲሄድ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳል። አንድ ገበሬ በእነዚህ ሁሉ በኩል ርስት እጠይቃለሁ ቢል ዕድሜው በሙግት ባለቀ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከሐረጎቹ መካከል መሬት ያለበትንና ዘመድ የሚያግዘውን መርጦ ያስታውሳል፤ የቀረውን ይተወዋል። የማይጠቅመው አያት ስም ያኔም ቢሆን ይረሳ ነበር። ይህን ሳያውቁ የድሮ ሰው የዘሩን ነገር ሁሉ አንድም ሳያስቀር ያውቅ ነበር ማለት ማጋነን ይሆናል።

ሙግቱ ራሱ አንድ ትምህርት ቤት ነበር ለማለት ይቻላል። ርስት ጠያቂው መጥቶ ከእነ እገሌ ዘር ነኝ ሲል፣ የዚያ አባት ተወላጆች ወኪል የሆነው «ፈጅ» ከተወላጆቹ ጋር ይሰማዋል። ጠያቂው ከራሱ ጀምሮ እስከ ምንዝር አባቱ፣ ከዚያም እስከ አቅኚው አባት ድረስ በማን በማን እንደሚወርድ ይቆጥራል። አንድ ስም ከዘለለ ወይም ካምታታ ባላንጣው ወዲያው ይይዘዋል። ዋስ ይጠራል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ ሽማግሌ ይሰማል። ነገሩ በአጥቢያ ካላለቀ ወደ ወረዳና አውራጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ዓመታትም ይፈጃል። አዛውንቶችም የሚያውቁትን ሐረግ ለማንም አይዘረግፉም ነበር። ለባላንጣ ልጅ የተነገረ ቆጠራ ነገ ተመልሶ መሬት ይጠይቃልና።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ አጥኚ አላን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን አሠራር በዝርዝር አጥንቷል። መጽሐፉም በ1965 ዓ.ም. ታትሟል። እንደ እርሱ ጥናት ርስት በአንድ ሰው እጅ ረግቶ የሚቆይ ሀብት አልነበረም። ብልህና ጉልበታም ሰው፣ በተለይም ሹመት ያገኘ፣ በሐረጎቹ እየተከራከረ መሬቱን ያሰፋ ነበር። ደካማው ደግሞ እየጠበበበት ይሄዳል። ቆጠራው እውነትን ብቻ ሳይሆን ጉልበትንም ይዞ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ያም ሆኖ ገበሬው ርስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ እንደ ነበር የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ዐመፅ ምስክር ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱም ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። ግብሩ ከባድ መሆኑ ብቻ አልነበረም ያስቆጣው። አባቶቹ በአፍ ቆጥረው ያቆዩለትን መሬት የመንግሥት ገመድ ሊለካው መሆኑ ነበር። ዐመፁም እስከሚቀጥለው ዓመት ዘልቆ መንግሥት የጠቅላይ ግዛቱን እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ለማንሣት ተገደደ።

አዋጁ ከወጣ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ የሚያደርገው አዋጅ ይህን ሁሉ ለወጠው። በደቡብ ያለውን ጭሰኛ ከባላባት ነፃ ያወጣ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል። በርስት አገር ያመጣው ለውጥ ግን ከዚያ ይለያል። በዚያ ገበሬው በአመዛኙ ያርሰው የነበረውን መሬት ይዞ ቀረ። የቀረው ነገር በትውልድ ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ነው። በፈጅ ፋንታ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ በምስክር ፋንታ የማኅበሩ መዝገብ ተተካ። መሬት ለመካፈል የሚያስፈልገው አቅኚ አባት ሳይሆን የቤተሰብ ቁጥር ሆነ።

ለአያት ስም ከዚህ የባሰ ጊዜ የመጣው በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ነው። በዚያን ጊዜ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹመት የነበራቸው «ቢሮክራሲ»፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ «ፊውዳል» እየተባሉ ተለይተው ይዞታቸው ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር፣ እንዳይበልጥ ተደረገ። ቀድሞ መሬት ያስገኝ የነበረው «አባቴ ጭቃ ሹም ነበር» የሚል ቃል አሁን መሬት የሚያስቀንስ ሆነ። ስለ አባቱ የተጠየቀ ገበሬ ዝምታን ቢመርጥ ምክንያት ነበረው። ዛሬም አንድ እንግዳ ደብተር ይዞ መጥቶ «አያትዎ ማን ነበሩ?» ቢል አዛውንቱ ቀና ብለው አይተው «ምን ሊደረግ ነው?» ማለታቸው የማይቀር ነው። ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ሳይዙ ወደ ሥራው መግባት አይገባም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የመሬቱ ነገር ይበልጥ ወደ ወረቀት ዞረ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም፣ የማሳው ስፋትና አዋሳኞቹ ይጻፋሉ። ማሳው በማን ስም ይጠራ እንደ ነበረ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። መዝገቡ የተዘጋጀው ለሌላ ጉዳይ ነውና በዚህ ሊወቀስ አይችልም።

ከሁለቱ የቆጠራ ምክንያቶች መካከል መሬቱ ሲቀር ጋብቻው ግን አልቀረም። ልጅ ሲዳር እስከ ሰባት ቤት መቁጠር በገጠሩ ዛሬም ያለ ልማድ ነው። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማያት፣ ምንዝላት፣ እንጅላት እያሉ ይወርዳሉ። የስሞቹ ቅደም ተከተል ከአገር አገር ይለያያል። የጋብቻ ቆጠራ ዓላማው ግን ዘመድ አለመሆንን ማረጋገጥ ነው። ሰባት ቤት ካለፈ ነገሩ ያበቃል። አቅኚው አባት የተቀመጠው ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲያ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ሞልቶት በርስት ሙግት ላይ ቆሞ የተከራከረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሆኖት ከአባቱ ኋላ ቆሞ ያዳመጠውም ሰባ አልፎታል። ከእነርሱ በኋላ ያለው ሰው ቆጠራውን የሰማው እንደ ተረት እንጂ እንደ ሙግት አይደለም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ብዙ ሰውም ከቀዬው አፈናቅሏል። ሽማግሌው ከመንደሩ ሲርቅ እያሳየ የሚቆጥርበት ማሳና የሚያመለክተው ዛፍ አብሮት አይሄድም።

የተጻፈውና ያልተጻፈው

ሁሉም ነገር በአፍ ብቻ ነበር ማለት አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በኅዳጋቸውና በባዶ ገጻቸው ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭና የውርስ ጽሑፍ ይዘዋል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚና የሥራ ባልደረቦቹ በጎንደር አካባቢ ከሚገኙ መጻሕፍት ያሰባሰቧቸው የ18ኛው ምዕተ ዓመት የመሬት ሽያጭ ጽሑፎች ሻጩን፣ ገዥውን፣ ዋሱንና ምስክሮቹን በስም ይጠራሉ። ከሻጮቹም ከገዥዎቹም መካከል ሴቶች አሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ አስቀምጧል። የአጥቢያው ካህን የማስታወሻውን ጽሑፍ አውጥቶ ቢያነበው የመንደሩ ሰው አያቱን እዚያ ሊያገኝ ይችል ይሆናል።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው። በፍትሐትና በተዝካር የሚነሣው ወልደ ማርያም ወይም ወለተ ሚካኤል በርስት ቆጠራው ላይ በሌላ ስም የሚታወቅ ሰው ሊሆን ይችላል። በአገራችን የቤተሰብ መጠሪያ ስም ደግሞ የለም። ሰው የአባቱን ስም ይዞ ይጠራል እንጂ የአራተኛ አያቱ ስም ከእርሱ ጋር አይዘልቅም። የልደትና የሞት ምዝገባም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚያገናኘው ድልድይ የሽማግሌው ትዝታ ብቻ ነው። የዓለሙንም የክርስትናውንም ስም የሚያውቅ ሰው ካልተጠየቀ ሁለቱ መዛግብት ለየብቻቸው ይቀራሉ።

ከዚህም ሌላ በቆጠራው ውስጥ ስማቸው የሌለ ሰዎች አሉ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ብዙ ጊዜ ርስት አልነበራቸውም። በመንደሩ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ ኖረው፣ የማረሻውን ብረት ቀጥቅጠው፣ የሰውን ልብስ ሸምነው፣ አቅኚ ተብለው ግን አልተቆጠሩም። ከሌላ አገር መጥቶ በጢሰኝነት ያረሰውም እንዲሁ ነው። ከአቅኚው አባት በፊት በአካባቢው የነበረው ሕዝብስ? ዳሞትና ጎጃም ከአማርኛ በፊት አገውኛና ጋፋትኛ የተነገረባቸው አገሮች ናቸው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1930ዎቹ ማብቂያ ጋፋትኛ የሚናገር ሰው ፈልጎ ያገኘው ጥቂት ሽማግሌዎችን ብቻ ነበር። ቋንቋው ዛሬ የለም። ሕዝቡ ግን አልጠፋም፤ ልጆቹ ዛሬ አማርኛ እየተናገሩ በዚያው አገር ይኖራሉ። የአንዳንዱ አቅኚ አባት ሐረግ ወደ ኋላ ቢሄድ የሚደርሰው ወደ እነርሱ መሆኑ አይቀርም።

«አገር ማቅናት» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ደቡብ የዘመተው ሠራዊት አገር አቀና ሲባል፣ የዚያ አገር ገበሬ በበኩሉ ርስቱን አጥቶ ገባር ሆነ። አንዱ ያቀናው ሌላው ቀድሞ ያረሰውን ሊሆን ይችላልና፣ የመንደር ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ከእርሱ በፊት ማን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ከደብተሩ ባያጎድል መልካም ነው።

እንዴት ይጻፍ?

ለዚህ ሥራ አዲስ ድርጅት ማቋቋም የግድ አይደለም። በየአጥቢያው ሰንበቴ አለ፤ የጻድቁ ወይም የመልአኩ ማኅበር አለ፤ እድር አለ። ወር በገባ ቁጥር ሰው በአንድነት ይቀመጣል፤ ጠላ ይጠጣል፤ ዳቦ ይቆርሳል። አንድ ቀለም የቆጠረ ወጣት ደብተር ይዞ ከጎናቸው ቢቀመጥ በዓመት ውስጥ የብዙ ቤት ሐረግ ይሰበስባል። በአዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን አሳትመው ለልጆቻቸው ማካፈላቸው ይታወቃል። እነዚህ መጻሕፍት ያማሩ ቢሆኑም ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከታወቀ ባለ ማዕረግ ነው፤ የተራው ገበሬና የባለ እጁ ስም አይገኝባቸውም። የመንደሩ ደብተር ከእነርሱ የሚሻለው በዚህ ነው።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ይህ ጽሑፍ የመሬት ማስረጃ እንዳልሆነ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል፤ በአቅኚ አባት ስም መሬት የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው ፍርድ ቤት የለም። ይህ በግልጽ ካልተነገረ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ጥርጣሬ ያድርበታል። አዛውንቱም የ1989ን ዓ.ም. እያስታወሱ አፋቸውን ይይዛሉ።

ዓመቱን መጠየቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በድሮ ጊዜ የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን አያውቅም፤ በምን ጊዜ እንደ ነበረ ግን ያውቃል። የጎጃም ሰው እንደ ሆነ በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተማረኩበትን የእምባቦን ጦርነት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን፣ አድዋን፣ የ1911ን ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ የጣሊያንን መግባትና መውጣት ይጠቅሳል። «አያቴ በክፉ ቀን ሕፃን ነበረች» ያለ ሰው ከወረቀት የማይተናነስ ቀን ሰጠ ማለት ነው።

የእናት ወገን እንዳይዘለል። በርስት ዘመን ሴት አያት የምትቆጠረው መሬት ስለሚመጣባት ነበር፤ መሬቱ ሲቀር መጀመሪያ የሚወድቀው የእርሷ ስም ሆኗል። ባልቴቶቹ ግን ማን ከየት መጥታ ለማን እንደ ተዳረች ከወንዶቹ አብልጠው ያስታውሳሉ። እነርሱን ለመጠየቅ ወደ ጓዳ መግባት፣ ቡናው እስኪፈላ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጉባኤ መካከል ከባላቸው ፊት ሲጠየቁ «እርሱ ያውቃል» ብለው ማለፋቸው የተለመደ ነውና።

የማሳውን፣ የምንጩን፣ የገደሉን ስም ከሰው ስም ጋር አብሮ መጻፍ ይገባል። ከሰው ስም ይልቅ የቦታ ስም ዕድሜ አለው። ማንነቱ የተረሳ አባት ስሙ በአንድ ቁራጭ እርሻ ላይ ተንጠልጥሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ሐረግ ላይ ካልተስማሙ የሁለቱም ቃል ይጻፍ፤ ማን እንደ ተናገረውም ይመዝገብ። ጸሐፊው ዳኛ ሆኖ አንዱን ሰርዞ ሌላውን ያጸና እንደ ሆነ የድሮው ሙግት በአዲስ መልክ መጣ ማለት ነው።

ደብተሩ በሦስት ቅጂ ቢዘጋጅ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ሁለተኛው በወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛው በማኅበሩ ሙሴ እጅ ሊቀመጥ ይችላል። የእጅ ስልክ ያለው ገጾቹን ፎቶ ቢያነሣ ደግሞ አራተኛ ቅጂ ሆነ። ለመጠየቅ የሚመቸው ጊዜ እህሉ ከአውድማ ከተነሣ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው። ያኔ ሰርግ ይበዛል፤ ለጋብቻው እስከ ሰባት ቤት የቆጠሩት ሽማግሌዎችም በየዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ።